ለምርመራ ቀን የሚከራይ ጎማ

ይህን ከመጻፌ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ከወጣሁ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር በጠመኔ፣ ሰው ትቶት በሄደ ጎማ ላይ ነው፤ «የማክሰኞ»፣ «ሁለት ቦታ የተበሳ»፣ «ባለቤቱ ይመጣል» እያልኩ። ይህን ደብተር የገዛሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዲት ሴትዮ ለጓደኛዋ እያሳየችኝ «የወንድሟን እንጀራ የዘጋች» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ዞር ብዬ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ስለዚህ እዚህ እመልስላታለሁ።

አባቴ ጎሚስታ ነው። ሱቃችን አቃቂ ላይ፣ የጅቡቲው ባቡር አስፋልቱን ከሚያቋርጥበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ መንገዱ ዳር ነው። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ በሩ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጎማ፣ ሲነሳ ጎረቤት የሚያማርርበት የንፋስ መሙያ፣ የተበሳ ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውኃ ውስጥ ነክረን አረፋ የምንፈልግበት ግማሽ በርሜል፤ ያለን ይኸው ነው። ትምህርቴን ያቆምኩት እዚህ ለመሥራት ነው። ወንድሜ ታላቄ ነው፤ እሱ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ ተወሰነ፣ እኔ ማስቲሽ እንድቀባ ተወሰነ። ማንም አልጠየቀኝም። ሥራውን ግን ከአባቴም ከወንድሜም ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም።

ሱቃችን በባለታክሲዎች ዘንድ የሚታወቀው በጥገናው አይደለም። በስተኋላ፣ ጆንያ ለብሰው የሚቀመጡ አራት ጎማዎች አሉን፤ ከነቸርኬያቸው፣ ለትንንሾቹ ታክሲዎች ልክ የሆኑ። አባባ «የምርመራ ጎማ» ይላቸዋል። ባለመኪና ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ መኪናውን አቅርቦ ያስመረምራል። ካለፈ ቦሎ ይሰጠዋል፣ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ ቦሎ የሌለውን ትራፊክ ያቆመዋል። ጎማው ያለቀበት ባለታክሲ ታዲያ የምርመራው ዕለት በማለዳ እኛ ጋ ይመጣል። የእሱን አውልቀን የእኛን እንገጥምለታለን። ከሰዓት በኋላ ቦሎውን ለጥፎ ይመለስና የእኛን አስወልቆ፣ በዚያው ፊቱ በተበላ ጎማ ሰው ሊጭን ይሄዳል። መርማሪው ያየው እውነተኛ ጎማ ነው። መኪናውም እውነተኛ መኪና ነው። ውሸቱ የሁለቱ አንድ ላይ መሆን ብቻ ነው።

አባባ ለዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለው። ጎማውን ማን እንደወሰደ አይጠየቅም፣ አይነገርም። የእኛን ጎማ የገጠመ መኪና መንገድ ላይ ብናይ አናውቀውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ የመኪና ደላላ በፈረስ ጋሪ መጣና አራቱንም ጎማ ጠየቀ። ከሳሪስ አቦ እስከ አቃቂ የማያውቀው ባለመኪና የለም የሚባልለት፣ ጥርሱን እየፋቀ የሚያወራ ሰው ነው። አባባ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ያስረከብኩት እኔ ነኝ። በሕጉ መሠረት ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አራቱንም ብቻዬን ጋሪው ላይ ስጭን ቆሞ አየኝና «አንቺ ልጅ፣ ያን ማስቲሽ አፍሽም ላይ ትቀቢዋለሽ እንዴ?» አለኝ። ባለጋሪው ሳቀ። እኔ ጆንያዎቹን አጣጥፌ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ማታ ይመለሳሉ የተባሉት ጎማዎች አልተመለሱም። በማግስቱም አልተመለሱም። አባባ ሰው እየላከ ደላላውን ሲያፈላልግ ሰነበተ፤ በመካከሉም ጥፋቱ የእኔ ሆነ። ምሳ ሲበላ፣ እጁን ሲታጠብ፣ ሱቅ ሲከፍት ይነሳብኛል። አፍ እያለኝ አድራሻ ያልጠየቅኩ፣ ለቆሻሻ ቅርጫት እንኳ የማልሆን ሰው እንደሆንኩ ሳምንቱን ሙሉ ሰማሁ። አትጠይቁ የሚለው ሕግ የራሱ እንደሆነ አላስታወስኩትም።

በዚያው ሰሞን ነው ወንድሜ የሚገዛው መኪና ማግኘቱን የነገረን።

ወንድሜ የሚነዳው የሰው ታክሲ ነበር። ባለቤቱ በየጠዋቱ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ፊቱ አቁሞ «ተንፍስ» ይለዋል፤ ማታ መጠጥ ቀምሶ እንደሆነ ለማወቅ። ወንድሜ ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚያ ሰው አፍንጫ ተነፈሰ። ይህን ያወቅኩት እሱ ነግሮኝ አይደለም፤ አንድ ቀን ሰክሮ ገብቶ እናቴን «ዛሬስ የሰውን ልጅ እንደ በቅሎ አሸተተኝ» ሲላት ነው። የራሱን ታክሲ መግዛት ለእሱ ከዚህ መውጣት ነው። ለዚያ ሲል ሲጋራ ትቷል፣ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ አቆይቷል፣ ለሁላችንም ክፉ ሆኗል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያቺ ሴትዮ እንዳላወቅኩ አድርጋ ስለምታወራ ነው የምጽፈው።

ሻጩ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ሐዲዱ አጠገብ የሚኖሩ፣ ሰፈሩ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። አሻሻጩ ደላላ መሆኑን ወንድሜ ቢናገርም የቱ ደላላ እንደሆነ አላለም። አባባ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦሎ አላት ወይ አለ። ወንድሜም ባለፈው ሳምንት ተመርምራ እንዳለፈች ነገረው።

«ታዲያ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለ አባባ። «አይተው ያሳለፏትን መኪና እኔ ምን ጨምሬ አይባታለሁ?»

ውኃ ይዤ ቆሜ ነበር። እጁን አየሁት። የስንቱን ጎማ አውልቆ፣ የእኛን ገጥሞ ለምርመራ የላከ እጅ ነው። ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ታክሲዋን ራሳቸው እየነዱ ወደ ሱቃችን አመጧት። ሰማያዊና ነጭ ናት፤ ታጥባ ትብለጨለጫለች። ከጎናቸው የወረደው ያ ጋሪ ይዞ የመጣው ደላላ ነው። አባባ ዘሎ ጎማዬስ አላለውም፤ በመልክ አያውቀውም፣ የሚያውቀው እኔ በነገርኩት ብቻ ነው። ደላላው እኔን አይቶ ቅንድቡን ከፍ አደረገና ወዲያው እንዳላየ ሆነ።

ወንድሜ በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ፍሬቻ አበራ፣ ጥሩምባ ነፋ፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገና እንዲህ ያለ ጎማ ያለው ታክሲ ከሳሪስ ወዲህ አላየሁም አለ። አባባ አንገቱን ነቀነቀ። ወገቡን ስለሚያመው አይጎነበስም፤ ቸርኬዎቹ ደግሞ ክዳን ተደርጎባቸዋል፤ ከላይ ሲታይ የማንም ጎማ ይመስላል። ወንድሜ ንፋሱን እንድለካ አዘዘኝ።

ተንበረከክኩ። የፊቱን ቀኝ ጎማ ስለካ በውስጥ በኩል እጄን አዞርኩ፤ የተቀደደ ካለ ጣት ያገኘዋል ብዬ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። በመጀመሪያ ያገኘሁት ቸርኬው ቀለም ውስጥ የደረቁ የብሩሽ ፀጉሮችን ነው። ያን ቀለም አምና ፋሲካ ሰሞን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ብሩሹ ርካሽ ስለነበር ፀጉሩን ይጥል ነበር። ቀጥሎ ጣቴ እርጥብ ነካ። አሸተትኩት። ውኃ አይደለም፤ የፍሬን ዘይት ነው። በጎማው ውስጠኛ ጎን እየተንጠባጠበ ወርዷል።

ከላዬ ሽማግሌው «ምን ታሻሺያለሽ ልጄ? ንፋስ ለኪ ነው የተባልሽው» አሉ።

ተነሳሁ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ። በዚያው ጊዜ ወንድሜ ስለ ፍሬኗ ጠየቃቸው፤ የጠየቀውም ለወጉ ያህል ነው።

«እኔ እኮ የባቡር ፍሬን ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉ። «ያን ሁሉ ፉርጎ ሳቆም የኖርኩ፣ ይቺን ጣሳ ማቆም ያቅተኛል?»

ሁሉም ሳቁ፣ አባባም ሳቀ። ከዚያ ሽማግሌው ውሉ ሳይፈረም መሪ ለሰው አልሰጥም ብለው ራሳቸው እየነዱ ወንድሜን እስከ ሐዲዱ ወስደው መለሱት። ሱቃችን ፊት ሲቆሙ ጉልበታቸውን አየሁ። ከመቆማቸው በፊት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ። ፍሬኑን እየደጋገሙ ካልረገጡት አይዝም ማለት ነው። ወንድሜ ግን ወደ ሰማዩ እያየ ይስቅ ነበር። ውሉ በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሽማግሌው ግቢ እንዲፈረም ተስማሙ። መኪናዋን የሚረከበው ሰኞ ጠዋት ነው፤ አንዲት ቀን የጠየቁበት ምክንያት ገባኝ። ጎማችን እሑድ ማታ ይወልቃል።

ሱቁን ስንዘጋ ሁለቱንም ነገር ለአባባ ነገርኩት። የጎማውን ስነግረው ፊቱ በራ፤ እንኳን አልጠፋ አለ። የፍሬኑን ስነግረው ግን ጆሮው ጎማው ላይ ቀርቷል።

«ስለዚህ ነገር ትንፍሽ እንዳትይ» አለኝ። «ጎማው ከማን እንደተከራየ ሰው ፊት ቢወጣ ሰኞ ጠዋት እዚህ በር ላይ የሚቆመው ታክሲ አይደለም፣ ፖሊስ ነው።»

ወንድሜስ አልኩት። ጎማ ሠሪ አባት እያለው ጎማ አያጣም፣ ከተፈረመ በኋላ ሌላ እገጥምለታለሁ አለ። ፍሬኑስ አልኩት።

«ፍሬኑን ምርመራ ላይ አይተውታል፣ አልኩሽ።»

አባባ ሞኝ ሰው አይደለም። ይህን ነገር ብዙ ሳስብ የደረስኩበት እንዲህ ነው፤ ያን ያህል ዘመን ጎማ ሲያከራይ፣ ሰው ሁሉ የሚዋሰው ከእሱ ጎማ ብቻ፣ የቀረው ሁሉ የባለመኪናው የራሱ ይመስለዋል። ባትሪ የሚያከራይ እንዳለ፣ መብራት የሚያውስ እንዳለ፣ ለአንዲት ጠዋት ብቻ የሚይዝ ፍሬን የሚያበጅ መካኒክ እንዳለ አላሰበውም። እነዚያም ምናልባት ጎማው የራሱ ነው ይሉ ይሆናል።

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ የሚወርደውን መንገድ አሰብኩ። ሰው የጫነች ትንሽ ታክሲ፣ ከፊቷ የጭነት መኪና፣ መሪው ላይ ወንድሜ። ራቱን ይዤለት ስገባ መኪናዋ ውስጥ የሚሰቅላትን የማርያም ሥዕል በእጅጌው እየወለወለ ነበር። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ምን ተገትረሽ ታይኛለሽ? ዓይንሽ ያስጠላኛል» አለኝ። ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ይግዛት፣ ይሂድባት ብዬ ተመኝቻለሁ። እስከ ደጁ ድረስ ብቻ ነው የተመኘሁት።

እሑድ እነሱ ከሄዱ በኋላ ክሪኩንና የቡሎን መፍቻውን ጆንያ ውስጥ አድርጌ በሐዲዱ ዳር ተከተልኳቸው። ምን እንደምናገር እየተለማመድኩ ሄድኩ። ግቢው በር ስደርስ ግን የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ሽማግሌው፣ ደላላው፣ አባባ፣ ወንድሜና ሁለት እማኞች ከባሕር ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ደላላው ውሉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ታክሲዋ ከእነሱ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማለች።

ለማንም ሰላም አላልኩም። ሁለት ድንጋይ ፈልጌ ከኋላ ጎማዋ ሥር ከተትኩ። የቀኝ ፊቱን ክዳን ፈነቀልኩ፣ ቡሎኖቹን አላላሁ፣ ክሪኩን ከሥሯ ገፋሁና ማንሳት ጀመርኩ። በዚህ መካከል ባቡሩ በግቢው አጥር ጥግ ሲያልፍ ስለነበር የመጀመሪያውን ስድብ አልሰማሁም። ቀና ስል ሁሉም ቆመዋል፣ ሁሉም አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ፉርጎዎቹ አልፈው ሲያልቁ የሽማግሌው ድምፅ መሃል ላይ ደረሰኝ፤ እብድ ናት ወይ፣ ማን አሳደጋት እያሉ ነው።

ወንድሜ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። በጣም አሳመመኝ። የቡሎን መፍቻውን አልለቀቅኩም።

«ጎማው የኛ ነው» አልኩት። «የምርመራ ጎማችን ነው።»

ደላላው ሊስቅ ሞከረ። ልጅቷ ጎማ ሁሉ የአባቷ ይመስላታል አለ። አንደኛው እማኝ አባባን አየው። ሁሉም አባባን አዩት። አባባ መሬት መሬት እያየ ቆመ፤ የእኔ ነው አላለም፣ የእኔ አይደለምም አላለም። ስለዚህ ጎማውን ስቤ አወጣሁና የውስጡን ጎን ወደ እነሱ አዙሬ መሬት ላይ አስተኛሁት። ከላይ እስከ ታች ረጥቧል። ጎማው በተነሳበት ቦታ ደግሞ የፍሬኑ ከበሮ ከሥሩ ዘይት አዝሎ ይንጠባጠብ ነበር።

ወንድሜ ክንዴን ለቀቀ። ቁጢጥ ብሎ ጣቱን ነከረ፣ አሸተተው። ነጂ ነው፣ ሽታውን አያጣውም። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረና በቀስታ «ጋሼ፣ ሰው ልጭንባት እኮ ነው» አላቸው።

ሽማግሌው ይቅርታ አልጠየቁም። ያኔ ነው አባባ የፈራው የመጣው። የምርመራ ጎማ እያከራየ የሚኖር ቤት ለእሳቸው ስለ እውነት ሊያስተምር እንደማይችል፣ ከአቃቂ ታክሲ ግማሹ ቦሎ የለጠፈው በእኛ ጎማ እንደሆነ፣ ነገ ሄደው ለሚመለከተው እንደሚናገሩ እየጮኹ አወጡት። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። እማኞቹ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ደላላው ውሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ያኔ ዝም ስትይ ጨዋ መስለሽኝ ነበር» አለኝ።

የቀሩትን ሦስቱን ፈታሁ። ማንም አልረዳኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ታክሲዋን በአራቱም ጥግ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት፤ ብጥላት እችል ነበር፣ አልጣልኳትም።

ሽማግሌው እንዳሉት አደረጉ። ሱቃችን ታሽጎ ከረመ፤ አሁን ተከፍቷል፣ ጆንያ የለበሰ ጎማ ግን የለም። ባለታክሲዎቹ እኛን አልፈው ሌላ ጎሚስታ ጋ ይሄዳሉ። አባባ ሲያዘኝ በስሜ አይጠራኝም። ታክሲዋን ሌላ ሰው ገዛት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ፍሬኗን አሠርቶ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም፣ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ባለፈ ቁጥር የፊት ጎማዋን አያለሁ። ወንድሜ ሌላ ባለታክሲ ጋ ተቀጥሮ ሳሪስ አቦ ቤት ተከራይቷል። በአመት በዓል ይመጣል፣ እናቴን ይስማል፣ እኔ ስገባ ይወጣል። ያላገባው ታክሲ ስለሌለው ነው፣ ታክሲ የሌለውም በእኔ ነው ይባላል። ይባል። እኔ የምጠይቀው ይቅርታ የለኝም።

የዚያን እሑድ ጎማዎቹን ወደ ሱቅ የመለስናቸው ወንድሜና እኔ ነን። አባባ ቀድሞን ሄዷል። በሐዲዱ ዳር እያንከባለልን፣ ሁለት ወስደን ሁለት ልናመጣ እየተመለስን። እርጥቡን የሚያንከባልለው እሱ ነበር፤ ዘይቱ የአመት በዓል ሱሪውን አበላሸው። አንድ ነገር ይለኛል ብዬ መንገዱን ሁሉ ጠበቅኩ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ መኪና እስኪያልፍ ቆምን። ወንድሜ እስከ ዛሬ ለእኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃል እዚያ፣ ፊቱን ሳያዞር የተናገረው ነው።

«ትናንት ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ በጥፊ እልሽ ነበር።»